ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ በ100 አይፈላም

ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን ነው የተማርነው። ደብረ ብርሃን ላይ ግን በ100 አይፈላም። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውሃ ገና 90 ዲግሪን አለፍ እንዳለ ይንተከተካል። ጣርማ በርን ወርዳችሁ፣ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ደግሞ ወደ 96 ይጠጋል። መሐል ሜዳ ብትወጡ ከ90ም ትንሽ ያንሳል። ሁሉም ሰሜን ሸዋ ነው፣ ግን የሁሉም ቁጥር ይለያያል።

ይህን የማነሳው ስለ አረቄ ልጽፍ ስለፈለግሁ ነው። ሥራዬ የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ሲስተም መግጠምና መጠገን ነው። ያደግሁት ደግሞ አረቄ በሚወጣበት ግቢ ነው፤ አክስቴ እስከ ዛሬ ያወጣሉ። ስለዚህ ሰው ባገኘኝ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም። «ለምን ለአረቄ ማውጫ አውቶማቲክ ነገር አትሠራልንም? ሙቀቱን 78 ላይ ሙላውና በቃ ይሥራ!» ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ከልብም የመጣ ነው። ችግሩ ያለው 78 የምትለዋ ቁጥር ላይ ነው።

አልኮል በ78.4 ዲግሪ ይፈላል የሚባለው ንጹህ አልኮል ከሆነና ቦታውም የባህር ጠለል ላይ ከሆነ ነው። በእኛ ከፍታ ንጹህ አልኮል የሚፈላው 70 ገደማ ላይ ነው። ዋናው ነገር ግን እሱ አይደለም። እንስራው ውስጥ ያለው ድፍድፍ አልኮል ብቻ አይደለም፣ አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ የሚፈላው ከሁለቱ መሃል፣ ወደ ውሃው ባደላ ሙቀት ነው። መፍላት ሲጀምር አልኮሉ ይቀድማል። አልኮሉ እየሳሳ ሲሄድ ሙቀቱም ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ እንስራው ውስጥ የቀረው ውሃና አተላ ሲሆን የውሃ መፍያ ላይ ይደርሳል። ቁጥሩን የሚወስነው ድፍድፉ ራሱ ነው። አንዴ ከፈላ በኋላ እንጨት ብትጨምሩ ሙቀቱ አይጨምርም። የሚጨምረው በየደቂቃው የሚወጣው እንፋሎት ነው። 78 ላይ እንዲያቆም የተሞላ መሣሪያ ብትገጥሙ ድፍድፉ ሳይፈላ እሳቱን ያጠፋባችኋል፤ ጠብታ አረቄ ሳታገኙ ትውላላችሁ።

ታዲያ የምንቆጣጠረው ምኑን ነው? አክስቴ ይህን ከማንም መሐንዲስ በላይ ያውቁታል። ቴርሞሜትር ኖሯቸው አያውቅም። ከመቃው ጫፍ ወደ ጠርሙሱ የሚወርደውን ነው የሚያዩት። «ክሩ ወፍሯል» ይላሉ፣ ከሥሩ አንድ እንጨት ሳብ ያደርጋሉ። ሲቀጥን መልሰው ይገፉታል። አልፎ አልፎ እጃቸውን ማቀዝቀዣው ውሃ ውስጥ ይከታሉ፣ ከሞቀ ይቀይሩታል። ጠብታ እሳት ላይ ጣል አድርገው አነዳደዱን ያያሉ። ያሸታሉ። በእኔ ሙያ ይህ ምንም ያልጎደለው የቁጥጥር ዑደት ነው፦ ይለካል፣ ከሚፈለገው ጋር ይነጻጸራል፣ ይስተካከላል። የሚለኩትም ትክክለኛውን ነገር ነው፤ የሚወርደውን መጠን። አረቄው በችኮላ ሲወርድ ውሃውንም የድፍድፉንም ጠረን ይዞ ይመጣል፣ ከታችም ያራል። ያረረ አረቄ ደግሞ መልሰው ቢያወጡትም አይድንም፣ ሽታው አብሮት ይኖራል።

አረቄ አይታችሁ ለማታውቁ ባጭሩ። ጌሾው ይወቀጣል፣ ብቅሉ ይፈጫል፣ ሁለቱ በውሃ ይጠነሰሳሉ። ቂጣ ይጋገራል፣ ተቆራርሶ ይገባበታል፣ ድፍድፍ ይሆናል። ደርሷል ሲባል ወደ እንስራ ወይም ወደ በርሜል ይገለበጣል፤ አፉ በሊጥ ወይም በጭቃ ይመረጋል፤ እንፋሎቱ በመቃ ወይም በመዳብ ቱቦ አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ይወርዳል። አንዴ የወጣው ተራ ነው። ተራውን መልሶ ያወጣው ዳግም አገኘ፤ ብርቱ ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። የእኛ አገር ብርድ ድፍድፉን ስለሚያዘገየው ቀኑን የሚቆጥር ሰው የለም። የሚታየው ድፍድፉ ነው።

አሁን ወደ ስኮትላንድ ልውሰዳችሁ። እነሱ ከገብስ ብቅል የሚሠሩት ውስኪ ከዚህ ሥራ ብዙ የራቀ አይምሰላችሁ። ገብሱን ያበቅላሉ፣ ያስቦካሉ፣ በመዳብ ድስት ሁለት ጊዜ ያወጡታል። የመጀመሪያው ድስት 8 በመቶ ገደማ አልኮል ያለውን ፈሳሽ ወደ 20 እና 25 በመቶ ያደርሰዋል። ሁለተኛው ከዚያ በላይ ያጠነክረዋል። የእኛ ተራና ዳግም ማለት ነው፣ የእኛ ተራ ከመጀመሪያውም ከእነሱ ቢበረታም። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል፦ በሕጋቸው መሠረት በኦክ በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት ካልቆየና 40 በመቶ አልኮል ካልያዘ ስኮች ውስኪ ተብሎ አይሸጥም።

ሁለተኛው ድስት ላይ የሚቆመው ሰው ሥራ የሚወርደውን ለሦስት መክፈል ነው። መጀመሪያ የሚወርደውን ለብቻ ያደርገዋል፤ አፍንጫ የሚወጋ ነገር አለው። መሃሉን ይይዛል። መጨረሻ ላይ የሚመጣውን፣ ከባድና ደስ የማይል ሽታ ያለውን፣ እንደገና ይለየዋል። የፊቱና የኋላው አይደፋም፣ ለሚቀጥለው ዙር ተመልሶ ድስት ይገባል። መቼ ይከፈል የሚለው ውሳኔ ነው ውስኪውን የዚያ ቤት ውስኪ የሚያደርገው። ጎረቤታሞች በአንድ ዓይነት ገብስ ሠርተው ሁለት የተለያየ ጣዕም የሚያወጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላው የድስቱ ቅርጽ ነው፤ ስለዚህም ድስቱ ሲያረጅ በዚያው በድሮው ቅርጽ አስቀጥቅጠው ይተኩታል።

የሚገርመኝ መለኪያ ወደ ውስኪ ቤት በምን በር እንደገባ ነው። በቀረጥ በር ነው የገባው። በ1823 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች የአልኮል ሕጋቸውን አሻሻሉ፣ ፈቃድ አውጥቶ መሥራት ቀለለ፣ በምትኩ መንግሥት እያንዳንዷን ሊትር መቁጠር ፈለገ። በዚያው ዘመን የሚወርደው አልኮል የሚያልፍበት ናስና መስተዋት ሳጥን መጣ፤ የሚቆለፍ፣ ቁልፉም ከቀረጥ ሰው እጅ የማይወጣ። ሠራተኛው የሚያወጣውን መጠጥ መንካትም መቅመስም አይችልም ነበር። በመስተዋቱ አሻግሮ ማየት ብቻ። እሱም ዘዴ አላጣም፦ ሳጥኑ ውስጥ ያለ ተንሳፋፊ መለኪያ ብርታቱን ይነግረዋል፣ ቴርሞሜትር ሙቀቱን ይነግረዋል፣ ከውጭ ባለ እጀታ ውሃ ይቀላቅልበትና ከደፈረሰ «ገና ነው»፣ ጥርት ብሎ ከቀረ «አሁን ያዝ» ይላል። ምላሱን ቢቆልፉበት በዓይኑ ሠራ። ይህን ሳስብ አክስቴ ትዝ ይሉኛል፣ ጭሱ ዓይናቸውን ሲይዘው በአፍንጫ የሚቀጥሉት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። የድንጋይ ከሰሉ እሳት በአብዛኛው ቤት በእንፋሎት ተተካ፤ እሳቱ እንፋሎቱን የሚያፈላው ቦይለር ጋ ቀረ፣ ወደ ድስቱ የሚሄደው ቱቦ ብቻ ሆነ። በ1968 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለመኪና ፋብሪካ ተብሎ የታሰበው ፕሮግራም የሚደረግ ተቆጣጣሪ፣ እኛ ፒኤልሲ የምንለው፣ ቀስ በቀስ ውስኪ ቤትም ደረሰ። የእንፋሎት ቫልቩን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ የማቀዝቀዣውን ውሃ ይጠብቃል፣ አረፋው አንገት ላይ ሲወጣ እንፋሎቱን ይቀንሳል። መዳቡ ግን ያው መዳብ ነው። ብልህ የሆኑት ቤቶች የመክፈሉን ውሳኔ አሁንም በሰው እጅ ትተውታል፣ ወይም ማሽኑ ይጠቁማል፣ ሰው ያጸድቃል። እኔ ከዚህ ወገን ነኝ። የማይሰለቸው መሣሪያ የማይሰለቸውን ሥራ ይያዝ፦ ሙቀት መጠበቅ፣ ውሃ መጠበቅ፣ አደጋ መጠበቅ። ጣዕሙን ለሚያውቀው ይተውለት።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። አንድ መጠጥ ፋብሪካ ውስጥ አሮጌ የሪሌይ ሳጥን፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ ማብሪያዎች የሞሉበት፣ በፒኤልሲ ሲቀየር ሠርቻለሁ። ሽቦው ሥዕል የለውም፣ ቁጥሩ ተፍቋል። መሣሪያውን ያቀረበው ድርጅት ሁሉንም በአንድ የእረፍት ቀን ነቅለን አዲሱን እንትከል አለ። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ሥዕል ያምራል፣ ታንኩ ሰማያዊ ነው፣ ቱቦው አረንጓዴ ነው። እኛ እምቢ አልን። መጀመሪያ ሙቀቱንና ፍሰቱን የሚለኩትን ሴንሰሮች ብቻ እንግጠም፣ አሮጌው ይሥራ፣ አዲሱ ምንም ሳይነካ ይመዝግብ ብለን ተከራከርን። ጊዜ ወሰደ፤ አለቆች ተቆጡ።

በኋላ መዝገቡን ስናየው በየቀኑ እኩለ ቀን አካባቢ የማቀዝቀዣው ውሃ ፍሰት ከፍ ይላል። አሮጌው ሲስተም ውስጥ እንዲህ የሚል ትእዛዝ የለም። አንድ ትልቅ ኦፕሬተር ነው፣ ዕድሜውን እዚያ የፈጀ ሰው፣ ተነስቶ ሄዶ በእጁ ቫልቩን ሩብ ዙር የሚከፍተው። ለምን ስንለው «ታንከሩ ጣራ ላይ አይደል እንዴ፣ ፀሐይ ሲመታው ውሃው ይሞቃላ!» አለን። የትም አልተጻፈም፣ ማንም ጠይቆት አያውቅም። በአንድ ቀን ነቅለን ቢሆን ኖሮ አዲሱ ፕሮግራም ይህን ሳያውቅ ይጀምር ነበር፣ ከሰዓት በኋላ የሚወጣው መጠጥ ለምን እንደተበላሸ ስንፈልግ እንከርም ነበር። ከዚያ በኋላ ከማቀዝቀዣው በሚወጣው ውሃ ላይ ቴርሞሜትር ጨመርን፣ ቫልቩም በዚያ ቁጥር እንዲሄድ ሆነ። ኦፕሬተሩ እኩለ ቀን ላይ መነሳቱን እስኪተው ጊዜ ወሰደበት፤ እስኪያምነው ድረስ ቆሞ አየው፣ ደግ አደረገ።

ከፋብሪካው ወደ ግቢያችን ስመለስ የማልደራደርበት አንድ ነገር አለ፣ እሱም እሳት ነው።

ፋብሪካ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሁሉም አብሮ ይቆማል። ቫልቩ በስፕሪንግ ይዘጋል፣ እንፋሎቱ ይቆማል፣ ድስቱ ይበርዳል። ሴንሰሩ እንኳ ሲሞት እንዲያስታውቅ ተደርጎ የተሠራ ነው፦ መልእክቱ የሚሄደው ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር በሆነ የኤሌክትሪክ ጅረት ስለሆነ ዝቅተኛው ንባብ 4 ነው፣ 0 ከመጣ ሽቦው ተቆርጧል ማለት ነው። ግቢያችን ውስጥ ግን ከሥር ያለው ባህር ዛፍና ኩበት ነው። መብራት ጠፋ ብሎ አይጠፋም። አሁን አስቡት፤ አንድ ደግ ሰው መጥቶ የማቀዝቀዣውን ውሃ በኤሌክትሪክ ፓምፕ አደረገላቸው። መብራት ሄደ። ውሃው ቆመ፣ እሳቱ ይነዳል፣ ድፍድፉ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ሳይበርድ በቱቦው ጫፍ ወደ ክፍሉ ይወጣል። የአልኮል እንፋሎት ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ይሄዳል፣ ምድጃው ደግሞ ወለል ላይ ነው። በአየር ውስጥ ከ3 በመቶ ጥቂት አለፍ ካለ ይቀጣጠላል። ዘመናዊ አደረግን ብለን ቤት ልናቃጥል እንችላለን።

ስለዚህ በእንጨት እሳት ለሚሠራ አረቄ ማቀዝቀዣው ውሃ ከላይ ከተሰቀለ ታንከር በራሱ ክብደት ይውረድ። ፓምፕ ካስፈለገ ታንከሩን ለመሙላት ብቻ ይሁን። በእንፋሎቱ መንገድ ላይ ምንም ዓይነት ቫልቭ አይደረግ፤ የቂጣ ቁራሽ ቱቦውን ዘግቶት ግፊት የጨመረ በርሜል ምን እንደሚያደርግ የሰማ ያውቃል። አፉን በሊጥ ወይም በጭቃ መምረጉ ራሱ ጥበብ ነው፣ ግፊት ሲበዛ እሱ ነው የሚለቀው። በብሎን የሚጠብቅ ክዳን የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ መጀመሪያ ማስተንፈሻውን ጠይቁት። ቱቦው መዳብ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። በእርሳስ የተበየደ ነገርና የመኪና ራዲያተር ፈጽሞ አይግባበት፣ እርሳሱ ከአረቄው ጋር ይወርዳል።

ሜታኖል ስለሚባለው መርዛማ የአልኮል ዓይነትም ሰዎች ይጠይቁኛል። ከእህል በሚወጣ አረቄ ውስጥ የሚኖረው ጥቂት ነው፣ በብዛት የሚመጣው ከፍራፍሬ ነው። ሰው የሚያሳውረውና የሚገድለው ብዙ ጊዜ ለመጠጥ ያልተሠራ የኢንዱስትሪ አልኮል ሲቀላቀልበት ነው። ከዚያ የሚያድን ቴርሞሜትር የለም። የሚያድነው ከማን እንደገዛችሁ ማወቅ ነው።

ደግሞ አንድ ርካሽ ነገር አለ፣ ሁሉም አውጪ ቢኖረው የምመኘው፤ የመስተዋት አልኮል መለኪያ። አረቄው ውስጥ ይንሳፈፋል፣ ስንት በመቶ እንደሆነ ይነበባል። ግን እዚህም አገራችንን ማወቅ ይፈልጋል። መለኪያው ብዙ ጊዜ የተሠራው ለ20 ዲግሪ ሙቀት ነው። የጥቅምትና የኅዳር ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ያለበት ነው፤ በብርድ አረቄ ስለሚወፍር መለኪያው ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ያነሰ ቁጥር ይሰጣል። 10 ዲግሪ በሆነ አረቄ ላይ ካነበባችሁ ከ3 እስከ 4 በመቶ ይጎድልባችኋል። አንዲት እናት ዳግም ያለችውን አረቄ ነጋዴው በጠዋት መጥቶ ለክቶ «ደካማ ነው» ብሎ ዋጋ ቢሰብርባት በብርዱ እየከሰረች ነው። እጅ ውስጥ ይዞ ማሞቅ ወይም ማስተካከያ ሰንጠረዡን መያዝ ይበቃል። ለሚተዳደሩበት ሰዎች ይህች ቁጥር ልጅ ማስተማሪያ ናት፣ ቀላል ነገር አይደለችም።

እና ጢሱ። ስለ ስክሪንና ስለ ፒኤልሲ ስናወራ የምንረሳው እሱን ነው። የእኛ አገር አረቄ አውጪዎች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ ዝግ ቤት ውስጥ፣ ጉልበታቸው ላይ ተጎንብሰው፣ ሙሉ ቀን ጢስ እየሳቡ። የብዙዎቹ ዓይን ቀይ ነው። ሳሉ አይለቃቸውም። ከሁሉም በፊት የሚያስፈልገው ቁጥጥር የጢስ መውጫ ያለው ምድጃ ነው፤ እሳቱን ስለሚያፍን እንጨትም ይቆጥባል፣ ክሩንም ያረጋጋዋል። ስኮትላንዶች ከማቀዝቀዣው የወጣውን ሙቅ ውሃ መልሰው ለሚቀጥለው ገብስ ይጠቀሙበታል። እኛም ዘንድ ለሚቀጥለው ጥንስስ ወይም ለዕቃ ማጠቢያ ብናውለው ለውሃ ማሞቂያ የሚነደው ማገዶ ይቀራል።

ከአክስቴ ጋር የተስማማንበት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ምድጃውና ጢስ መውጫው። ቀጥሎ የተሰቀለ ታንከርና የተጠመዘዘ የመዳብ ቱቦ። ከዚያ ሁለት ቴርሞሜትር፣ አንዱ የበርሜሉ አንገት ላይ፣ አንዱ ከማቀዝቀዣው በሚወጣው ውሃ ላይ፤ ሁለቱም ምንም የማያዙ፣ የሚያሳዩ ብቻ። አንድ ደብተር። እሳቸው «አሁን ያዝ» ሲሉ የአጎቴ ልጅ ቁጥሩን ትጽፋለች። መክፈሉን ለማሽን የመስጠት ሐሳብ የለኝም፣ ወደፊትም አይኖረኝም። ሁሉም ዕቃ ከዚሁ ከተማ ወይም ከመርካቶ የሚገኝ፣ እዚሁ ያለ ባለሙያ የሚጠግነው ይሆናል። ስክሪን የሚባል ነገር የለበትም።

ንድፉን አሳየኋቸው። ታንከሩን ወደዱት፣ ቴርሞሜትሩን ዝም አሉት። ከዚያ «ሁሉም ደግ ነው ልጄ፣ ምድጃው ግን ለምን መሬት ላይ ሆነ? ወገቤ እኮ አልቋል» አሉኝ። ንድፉ ላይ ያለው የድሮው ከፍታ ነበር። ግንበኛው በሚመጣው ሳምንት ይመጣል፤ ምድጃው ቆመው በሚሠሩበት ልክ ይነሣል፣ ታንከሩም ከዚያ በላይ እንዲሆን ባላው ይረዝማል።